አዲስ ሪቮልቨር ሲፈተሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ደግነቱ የሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ) እንከን አብዛኛው አንድ ጥይት ሳይተኮስ በጣትና በዓይን ይያዛል። ሲሊንደሩን ከፍተው የጥይት ቤቶቹን አንድ በአንድ ይዩ፣ በጣትም ይዳስሱ። ጥይት የሚባል ነገር ፍተሻው ከሚደረግበት ክፍል ይውጣ። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ቢረጋገጥም አፈሙዙን ወደ ሰው አያዙሩ። እዚህ የምናወራው ሲሊንደሩ ወደ ጎን ስለሚከፈተው ዓይነት ነው።

መዶሻው ተወጥሮ ቆመ፤ ሲሊንደሩ ግን አልተቆለፈም

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይሄ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ይዘለዋል። የጥይት ቤቶቹን በባዶ ቀለህ ወይም ባሩድ በሌለው፣ በማይተኮስ የልምምድ ጥይት ይሙሉ። በብዙ ሞዴሎች ቀለህ የሚያወጣው ኮከብ ብረት ያለ ቀለህ ትንሽ ስለሚላወስ፣ የሌለ ችግር ያለ ያስመስላል። ከዚያ አንድ ጣት ሲሊንደሩ ላይ በስሱ ጫን አድርገው መዶሻውን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሳቡት። መዶሻው ከመያዙ በፊት፣ ቢዘገይ ከመያዙ ጋር እኩል፣ የሲሊንደሩ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ መግባት አለበት። መዶሻው ከቆመ በኋላ ሲሊንደሩን በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ካለ ዘግይቷል። በፍጥነት ከሳቡት ሲሊንደሩ በራሱ ግፊት ሄዶ ስለሚቆለፍ ጉድለቱ አይታይም፤ መሸጫ ጠረጴዛ ላይ የሚያታልለውም ይሄ ነው።

ሁሉንም የጥይት ቤቶች በየተራ ይሞክሩ። የሚዘገየው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ከኮከቡ ጥርሶች አንዱ ላይ ነው። ሁሉም ከዘገዩ፣ ሲሊንደሩን የምታዞረው ገፊ ብረት አጥራለች ወይም ቀጥናለች። እንዲህ ሆኖ ከተተኮሰ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ይገባል፤ እርሳሱ ተልጦ በጎን ይረጫል። መፍትሄው ገፊዋን በልክ መተካት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ ወደ አምራቹ ይመለስ። ሞረድ አያንሱ፤ ያጠረውን ብረት መሞረድ ይብሱን ያሳጥረዋል።

ሲሊንደሩ ይላወሳል

ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ አያስደነግጥ፤ ጥይቱ ሲገባ ራሱን እንዲያስተካክል የሚረዳው ያ ነው። የሚያሳስበው ፊትና ኋላ መላወሱ ነው። ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች) ይውሰዱና ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ገፍተው በእሱና በአፈሙዙ ጀርባ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ወደ ፊት ገፍተውም ይድገሙት። በኋላኛው ቦታ የሚገኘው ልክ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከጠበበ መሣሪያው ሲግልና ሲቆሽሽ ሲሊንደሩ ተይዞ አልዞር ይላል፤ ከሰፋ ጋዝ ያባክናል። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት የመላወሱ መጠን ነው። አዲስ ላይ ከ0.05 ብዙ ቢያልፍ እኔ አልቀበልም። ባለሙያ በስስ ቀለበት ይሞላዋል።

ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ ወይም አልከፈት ይላል

እዚህ ራስዎ የሚሠሩት አለ። ኮከቡን ገፍተው ከሥሩ ይዩ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ወይም ያልነደደ ባሩድ ትበቃለች። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ዘይት ግን አያፍሱበት፤ ባሩድ ይሰበስባል። ንጹህ ከሆነ ኮከቡን የሚገፋውን የማውጫ ዘንግ ይፈትሹ። ሲፈታ ይረዝምና ሲሊንደሩን ይይዘዋል። ማጥበቂያ አቅጣጫው ያሳስታል፦ ዘመናዊዎቹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች ዘንግ በግራ የሚጠብቅ ነው። ሲያጠብቁ ባዶ ቀለሆች ውስጡ ይሁኑ፤ አለዚያ ጉልበቱ ሁሉ ኮከቡ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ ሲሊንደሩን ከፍተው ያሽከርክሩና የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ፤ ቀጥ ብሎ በመዞር ፈንታ ከተወዛወዘ ተጣሟል።

የተወጠረው መዶሻ በአውራ ጣት ግፊት ይወድቃል

መዶሻውን ወጥረው፣ ምላጩን ሳይነኩ፣ ከኋላ መጠነኛ ግፊት ይስጡት። ከወደቀ እዚያው ይቁም። ይህ መሣሪያ ጥይት አይጎርስም፣ ቤት ውስጥም አይጠገንም።

ሲተኮስ አንዳንዱ ጥይት አይነሳም

ዝም ሲል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይክፈቱ። ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው የመርፌ ምልክት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ አምራች ጥይት ይሞክሩ። ምልክቱ ስስ ከሆነ የመዶሻው ሞላ ደክሟል ወይም ላልቷል። እጀታው ፊት ላይ የሞላ መወጠሪያ ብሎን ባላቸው ሞዴሎች መጀመሪያ የሚታየው እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ ምላጩ እንዲቀል ተብሎ ትላላለች። ልኳን በያዘ ካቻቪቴ እስከ መጨረሻው ያጥብቋት። ፊትና ኋላ የሚላወስ ሲሊንደርም ምቱን ያሳሳል፤ ብሎኗ ጠብቃ ችግሩ ካልቀረ ወደ ፊለር ጌጁ ይመለሱ።

ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን ቡፍ ካለ ግን ሁለተኛ አይተኩሱ፤ ጥይቱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ሲሊንደሩን ከፍተው፣ ጥይቶቹን አራግፈው፣ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን በወዲያ በኩል ያልፍ እንደሆነ ይዩ።