ኬሚካሉ እያለ ቧንቧው ለምን ይበሳል?

ቦይለር (እንፋሎት ማመንጫ) ወይም ኩሊንግ ታወር (የውሃ ማቀዝቀዣ ማማ) ያለው ፋብሪካ ጥግ ላይ የዝገት መከላከያ ኬሚካል በርሜል አይጠፋም። ቧንቧውም መበሳቱን አያቆምም። ያኔ ጣት የሚቀሰረው ኬሚካሉን ባመጣው ነጋዴ ላይ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጣጣው ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው።

"ትንሽም ቢሆን ሳይጠቅም አይቀርም"

ናይትራይት የሚባለው የዝገት መከላከያ ላይ ይህ አባባል ጉድ ይሠራል። ዝግ የማቀዝቀዣ መስመር ውስጥ ናይትራይት የብረቱን ገጽ በስስ ሽፋን ይሸፍነዋል፤ ለዚህም በሊትር ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም መያዝ የተለመደ ነው። በጀት ጠበበ ተብሎ ሲቀነስ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ይቀደዳል፣ ዝገቱም ባዶ በቀሩት ጥቃቅን ቦታዎች ላይ ብቻ ይረባረባል። ምንም ባይጨመር ቧንቧው ከሞላ ጎደል እኩል ይሳሳ ነበር። አሁን ግን ዙሪያው ደህና ሆኖ አንዷ ነጥብ ላይ ይበሳል። ስለዚህ ወይ ሙሉውን ጨምሩ፣ ወይ ሌላ ዓይነት ምረጡ።

መጠኑ በየሳምንቱ ከወረደ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ተጨማሪ ውሃ የሚገባበት ላይ ቆጣሪ ግጠሙ። ቆጣሪው ከዞረ መስመሩ ያፈሳል። ካልዞረ ናይትራይቱን ባክቴሪያ እየበላው ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እሱን ማጥፋት ነው፤ አለዚያ እየቀለባችሁት ነው።

ኦክስጅንን በሰልፋይት ብቻ ለመጨረስ መሞከር

ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን የቦይለሩን ብረት ያዝጋል፤ ሰልፋይት የሚጨመረው እሱን ለማጥፋት ነው። 1 ሚሊግራም ኦክስጅን ለማጥፋት ወደ 8 ሚሊግራም ሶዲየም ሰልፋይት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በሊትር ወደ 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ ሂሳቡን ሥሩት፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ከ50 ግራም በላይ ነው፣ ያውም ለመጠባበቂያ የሚተርፈው ሳይጨመር። የቦይለሩን መጋቢ ታንክ ብታሞቁት አብዛኛው ኦክስጅን በራሱ ጊዜ ይወጣል። ከፍታው ላይ ውሃ 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ግን አትርሱ፤ ለባሕር ጠለል በተጻፈ ማኑዋል 95 ዲግሪ አድርጉ ቢባል ፓምፑ እንፋሎት ይውጣል።

ሌላው ደግሞ ሰልፋይቱን ክፍት በርሜል ውስጥ በዱላ እያማሰሉ በጥብጦ ለሳምንት ማስቀመጥ ነው። ቦይለር ሳይደርስ የአየሩ ኦክስጅን ይጨርሰዋል።

ጠዋት አንድ ጆግ ደፍቶ መሄድ

ጠዋት ተርፎ ማታ ያልቃል። ዶዚንግ ፓምፕ (ኬሚካሉን በመጠን በመጠኑ የሚጨምር) ያላችሁም አትዝናኑ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ አየር ይዞ "ጠቅ ጠቅ" እያለ ባዶውን ይሠራል። ድምፁን አትመኑ፣ መምጠጫ ቱቦው ውስጥ አረፋ መኖሩን እዩ።

"ሶፍትነር አለን፣ ውሃችን ችግር የለበትም"

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያላችሁ ይህችን በደንብ ስሙኝ። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻው) ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም እንጂ ባይካርቦኔት አይነካም። ቦይለር ውስጥ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆንና ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን አሲድ ሆኖ የመመለሻውን ቧንቧ ሆዱን ይቦረቡረዋል። ቀድሞ የሚሄደው ጥርስ የወጣለት መገጣጠሚያ ነው። ቦይለር ውስጥ የሚቀረው ሰልፋይት ለዚህ አይደርስም። ከመመለሻው መስመር በብርጭቆ ቅዱና እዩት፤ ቀላ ካለ ብረት እየተበላ ነው።

መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእንፋሎቱ ጋር ተጉዞ አሲዱን የሚያመክን አሚን የሚባል ኬሚካል ነው። ግን እንፋሎታችሁ ምግብ ይነካል? የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይክሎሄክሲላሚንና ሞርፎሊን የሚባሉትን አሚኖች ወተትና የወተት ውጤት በሚነካ እንፋሎት ውስጥ አይፈቅድም፣ ለሌላው ምግብ ጣሪያው ለእያንዳንዳቸው ከሚሊዮን 10 እጅ ነው። ሃይድራዚን የሚባለው ሌላው ኦክስጅን ማጥፊያ ምግብ በሚነካ እንፋሎት ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለበትም። ሻጩን ሳታፍሩ ጠይቁት፣ በጽሑፍም ይስጣችሁ።

ቆሻሻ ላይ ኬሚካል ማፍሰስ

ደለልና አልጌ የጋገረበት ቧንቧ ውስጥ ኬሚካሉ ብረቱን አያገኘውም፣ ዝገቱ ከሥር ይቀጥላል። መጀመሪያ እጠቡ። ለብረት የገዛችሁት መዳብንም ይጠብቃል ብላችሁ አታስቡ፤ ለመዳብ አዞል የሚባሉት አሉ፣ እነሱንም ክሎሪን ሲበዛ ያበላሻቸዋል። ስትቀይሩ ደግሞ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ አትገልብጡ። ናይትራይት አሲድ ሲነካው ቡናማ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ በረኪና ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይሰጣል። ይሄ በቧንቧ አያበቃም፣ ሰው ይገድላል።

ፋብሪካው ሲቆም መርሳት

ስኳር ፋብሪካዎች ክረምት ላይ ይቆማሉ፤ ብዙ ቦይለር የሚጎዳው ያኔ ነው። ከሁሉም የከፋው ግማሽ ውሃ ይዞ ክፍቱን መተው ነው። ለአጭር ጊዜ ከሆነ እስከ አፉ ሙሉት፣ ፒኤቹን ከ10.5 በላይ፣ ሰልፋይቱን በሊትር ወደ 200 ሚሊግራም አድርጉት። ለረጅም ጊዜ ከሆነ አድርቃችሁ ሲሊካ ጄል በትሪ አስገቡና ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ። በየወሩ እየከፈታችሁ እርጥበት የጠገበውን ቀይሩ፣ በመስከረም ውሃ ከመሙላታችሁ በፊትም ትሪዎቹን ማውጣት እንዳትረሱ።