የገዛ ልጅን በበረዶ ላይ ማሠልጠን፦ ለወላጅ አሠልጣኞች

ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም ስለት በተገጠመለት ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የመዝለልና የመሽከርከር ስፖርት፣ ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወረስ ደጋግሞ ከሚታይባቸው ስፖርቶች አንዱ ነው። በ2024 እና በ2025 የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን አሜሪካዊውን ኢሊያ ማሊኒንን ያሠለጠኑት እናቱ ታቲያና ማሊኒና እና አባቱ ሮማን ስኮርንያኮቭ ናቸው፤ ሁለቱም በ1998 በናጋኖ፣ በ2002 ደግሞ በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ ለኡዝቤኪስታን ተወዳድረዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘው ጃፓናዊው ዩማ ካጊያማም ያደገው በአባቱ በማሳካዙ አሠልጣኝነት ሲሆን፣ አባትየውም በ1992 እና በ1994 የኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ነበሩ።

የዚህ ምክንያት ብዙም አያስቸግርም። የስለቱ ውጫዊ ጠርዝ በረዶውን ሲነክስ እግር ሥር የሚሰማውን ስሜት በቃል ማስረዳት አዳጋች ነው፤ ያንን ስሜት የሚያውቅ ሰው ከልጁ ጋር አንድ ቤት የሚያድር ከሆነ ትምህርቱ ያለ ቀጠሮ ይመጣል። የግል ትምህርት በደቂቃ ተሰልቶ የሚከፈልበት፣ የበረዶ ሜዳው ሰዓትም ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት በፊት በማለዳ የሚገኝበት ስፖርት በመሆኑ ደግሞ የወላጅ አሠልጣኝነት ለቤቱ በጀት የሚሰጠው እፎይታ ቀላል አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ ለወላጅ አሠልጣኝ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ አሠልጣኝነቱን በሰዓቱ ማቆም ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ራሱ በበረዶ ላይ ያደገውን ወላጅ ነው። ዘሎ የማያውቅ ሰው ከቪዲዮ ባገኘው ዕውቀት ልጁን አክሰል (ወደ ፊት እየተንሸራተቱ የሚነሡበትን ዝላይ) ላስተምር ቢል ዕዳውን የሚከፍለው የልጁ ጉልበት ነው። ማሊኒን ባደገበት በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ የሚኖሩ ብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ልጁን ወደ በረዶ ሜዳ የሚያመላልስ ወላጅ ቢኖር ድርሻው ማለዳ መንዳት፣ መክፈልና ሙቅ ሻይ ይዞ መጠበቅ ነው፤ ያም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ያጣሩ። የማሊኒን ወላጆች ድካሙን በገዛ አካላቸው ስለሚያውቁት ልጃቸው ይህን መንገድ እንዲይዝ መጀመሪያ ላይ አልፈለጉም ነበር፤ በእኔ አስተያየት ይህ ጥርጣሬ ከጉጉት የተሻለ መነሻ ነው። ቀላል ፈተና ይኸውልዎት፦ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ልምምድ እርስዎ ራስዎ ምንም አያንሡ። ልጅዎ ጫማውን አንሥቶ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ከጠየቀ ሥራው አለ፤ ሳይጠይቅ ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ ግን የቀረውን ሕልም የያዙት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀጥሎ የሥልጠናውን መጀመሪያና መጨረሻ በዓይን በሚታይ ነገር ይወስኑ። አንዳንድ ቤተሰቦች ልጁ በሜዳ ላይ «አባዬ» ወይም «እማዬ» ማለቱን ትቶ «አሠልጣኝ» ብሎ እንዲጠራ ያደርጋሉ። እኔ ይህን አልመክርም፤ የወደቀ ልጅ በደመ ነፍስ «እማዬ» ሲል መታረም የለበትም። ከስም ይልቅ የጫማ ክር ይሻላል። ክሩ ሲታሰር እርስዎ አሠልጣኝ ነዎት፤ ሲፈታ ሥልጠናው አልቋል። ሕጉ የሚጸናው ግን እርስዎ መጀመሪያ ካከበሩት ብቻ ነው፤ በተለይም በመኪና ውስጥ። ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መውጫ በሌለው ቦታ፣ ፊትዎን እንኳ ሳያይ በመስተዋት በኩል ሉትዝ ስለሚባለው ዝላይ ሲነገረው ትምህርት አይሆንለትም፤ የቤቱ በር እስኪደርስ ደቂቃ ይቆጥራል። ሐሳቡ ካስቸገረዎት በማስታወሻ ደብተር ላይ ይጻፉትና ለነገ ያቆዩት። ልጁ ራሱ ጉዳዩን ካነሣ ይመልሱለት፤ ነገር ግን የጠየቀውን ብቻ።

በበረዶው ላይ ደግሞ በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። ሉትዝን እንውሰድ። ወደ ግራ የሚሽከረከር ልጅ በግራ እግሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከዚያም የቀኝ ስለቱን የፊት ጥርስ በረዶው ላይ ወግቶ ይነሣል። ዝላዩን የሚያከብደው የመጣበት ቅስት ወደ አንድ በኩል፣ የሚሽከረከርበት አቅጣጫ ወደ ሌላ በኩል መሆኑ ነው። ብዙ ልጆች ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሉትዙ ከውስጠኛው ጠርዝ የሚነሣው ፍሊፕ የተባለ ዝላይ ሆኖ ያርፋል፤ ዳኞችም የጠርዝ ስሕተት ብለው ነጥብ ይቀንሱበታል። የወላጅ ዐይን ልጁ እንዳይወድቅ ስለሚሠጋ ወደ አየር ይሄዳል፤ ስሕተቱ ግን ልጁ ከመሬት ሳይለቅ አልቋል። ስለዚህ ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ይመልከቱ፤ ሲያርፍም «ጠርዝህ የት ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ቪዲዮ ከቀረጹ መጀመሪያ እርሱ ይይና ይናገር። ራሱ ያገኘውን ስሕተት በሚቀጥለው ሙከራ ያስታውሰዋል፤ ከወላጁ አፍ የመጣው ግን ከ«ክፍልህን አስተካክል» ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

አንድ ጠዋት በአንድ ሜዳ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ በዚሁ ዝላይ አራት ጊዜ ተከታትላ ስትወድቅ አየሁ። አሠልጣኟ እናቷ ነበረች። ከአራተኛው ውድቀት በኋላ እናትየዋ ቀርባ ተንበረከከች፤ ስለ ዝላዩ አንድም ቃል ሳትናገር የላላውን የግራ ጫማ ክር ከታች ጀምራ ቀዳዳ በቀዳዳ አጠበቀችው፣ ከልጅቷ ቦላሌ ላይም በረዶውን አራገፈች። ልጅቷ በአምስተኛውም ወደቀች፤ ነገር ግን የተነሣችው እየሳቀች ነበር። ከዚያ እናትየዋ ወደ ሽክርክሪት ልምምድ አሻገረቻት፤ ሉትዙ በዚያ ቀን አልተመለሰም። እንዲህ ያለው ውሳኔ አስቀድሞ ቁጥር ካልተቀመጠለት አይገኝም። የከባድ ዝላይ ሙከራ በአንድ ልምምድ ስንት እንደሚሆን ክሩ ሳይታሰር ይስማሙ፤ ልጁ «አንዴ ብቻ!» ቢልም ቁጥሩ አይለወጥ።

ስለ ማንጠልጠያ ቀበቶም አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ በወገቡ የሚታሰረው፣ ከላይ በተዘረጋ ገመድ ወይም አሠልጣኙ በሚይዘው ረጅም ዘንግ የሚደገፈው ቀበቶ አዲስ ዝላይ ለማስለመድ ጥሩ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ወላጅ ከሌላ አሠልጣኝ ይልቅ ቶሎ ስለሚፈራ ገመዱን ቀድሞ ይስባል፤ ልጁም ያላገኘውን ከፍታ ያገኘ ይመስለዋል። እጅዎ እንደሚቸኩል ካወቁ ዘንጉን ለሌላ ሰው ያስይዙ።

ሌላ ሰው ካነሣን፣ ከቤት ውጭ ያለ ሁለተኛ ዐይን የግድ ያስፈልጋል። ኢሊያ ማሊኒን ከወላጆቹ ሌላ ከአሠልጣኝ ራፋኤል አሩትዩንያን ጋር ሠርቷል፤ የካጊያማን ቡድን ደግሞ የ2012 የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ጣሊያናዊቷ ካሮሊና ኮስትነር በ2023 ተቀላቅላለች። ሁለቱም ቤተሰቦች ዕውቀት አላነሳቸውም፤ ቢሆንም በር ከፍተዋል። ሲያደርጉት ግን ሥራውን በግልጽ ይከፋፍሉ። በሙዚቃ የሚታጀበውን የእንቅስቃሴ ቅንብር ወይም የዝላይ ቴክኒኩን ለእንግዳው ከሰጡ በዚያ ጉዳይ በልጁ ፊት አስተያየት አይጨምሩ፤ አለመግባባት ቢኖር ልጁ በሌለበት ይነጋገሩ። በመኪና ውስጥ «እርሱ እንዲህ ቢልም» ብሎ መጀመር ሁለት ዓመት የተሠራን መተማመን ያፈርሳል።

ሰውነቱን በሚመለከት ወላጅ መሆንዎ ጥቅምም ጉዳትም አለው። የእንቅልፉን፣ የምግቡንና የስሜቱን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ልጁ አሠልጣኙን ላለማሳዘን ሲል ሕመሙን ከእናቱም ይደብቃል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸውና። ስለዚህ ከልምምድ በፊት በየቀኑ «የት ያምሃል?» ተብሎ የሚጠየቅ፣ መልሱም ምንም ዓይነት ቅጣት የማያስከትል ጥያቄ ይኑር። ልጁ በፍጥነት በሚያድግባቸው ወራት የነበረው ዝላይ ሊጠፋ ይችላል፤ የእጅና የእግሩ ርዝመት ሲለወጥ የሽክርክሪቱ ጊዜ አብሮ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሙከራ መጨመር ጉልበትና ተረከዝ ላይ ያለውን ጫና ያበዛል፤ መሠረታዊ መንሸራተትና ሽክርክሪት ላይ መቆየት ይሻላል። የሚያስቸኩል ነገርም የለም፦ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር በ2022 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በአዋቂዎች ደረጃ ለመወዳደር ዝቅተኛው ዕድሜ 17 ዓመት ሆኗል። ክብደትን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፤ በማዕድ ላይ ፈጽሞ አይነሣ፣ የሚያሳስብ ነገር ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በውድድር ቀን ቦታዎ ከአጥሩ በስተውጭ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር የነጠላ ተወዳዳሪዎች በምድብ ሆነው ለ6 ደቂቃ ያሟሙቃሉ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ከሁለት ቃል በላይ የሚያስፈልገው ልጅ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ከልጅዎ ጎን ነጥብ የሚጠበቅበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ካሜራም ይጠብቅዎታል። እዚያ ወላጅ ብቻ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ−5 እስከ +5 ባለው መለኪያ የተሰጠውን የጥራት ነጥብ የሚያሳየውን የዳኞች ወረቀት በማግሥቱ፣ ከእንቅልፍና ከቁርስ በኋላ፣ አብራችሁ ታነቡታላችሁ።

የወረቀቱን ሥራም ቸል አይበሉ። በአሜሪካ በውድድር ላይ አሠልጣኝ ሆኖ የሚቆም ሰው፣ ወላጅም ቢሆን፣ የአገሪቱ የስኬቲንግ ፌዴሬሽን አባልነት፣ የኋላ ታሪክ ማጣራትና የልጆች ደኅንነት ሥልጠና ይጠየቃል።

እርስዎ ባይኖሩ ማን እንደሚቆምም አስቀድመው ያስቡበት። ማሳካዙ ካጊያማ በ2018 ስትሮክ መትቷቸው ነበር፤ ካገገሙ በኋላ ወደ ልጃቸው ተመልሰዋል። የአሜሪካዊው ማክሲም ናውሞቭ ወላጆችና አሠልጣኞች፣ የ1994 የዓለም የጥንድ ሻምፒዮኖቹ ኤቭጌኒያ ሺሽኮቫ እና ቫዲም ናውሞቭ ግን ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዋሺንግተን በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሥልጠናውን ቀጥሎ ለ2026 ኦሎምፒክ የአሜሪካ ቡድን ተመርጧል። ስለዚህ ከላይ ያልኩት ደብተር በእርስዎ ራስ ውስጥ ብቻ ያለውን ሁሉ ይያዝ፦ ጫማው መቼ እንደተለወጠ፣ ስለቱ መቼ እንደተሳለ፣ የትኛው ቁርጭምጭሚት ተጎድቶ እንደነበር፣ የትኛው ዝላይ በየትኛው ቃል እንደተስተካከለ።

ልጁ ራሱ አንድ ቀን «ሌላ አሠልጣኝ እፈልጋለሁ» ሊልዎት ይችላል። ለምን ብለው በዚያው ሰዓት አይመርምሩት፤ «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ይበሉትና አዲሱን አሠልጣኝ አብራችሁ ፈልጉ። ደብተሩን ያስረክቡ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ያስረዱ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ማለዳ ጫማዎን መኪና ውስጥ ትተው ብርድ ልብስ ይዘው ይግቡ። ከአጥሩ ርቀው፣ ልጅዎ ቀና ሲል ፊትዎን ሊያነብ ከማይችልበት ከላይኛው ወንበር ይቀመጡ።