ውድ ሰዓታችሁ ቀደመ? ከማስከፈታችሁ በፊት ማግኔቱን እዩ

ምልክቱ ይሄ ነው። እስከ ትናንት ደህና የነበረ አውቶማቲክ ሰዓት፣ ማለትም ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ሜካኒካል ሰዓት፣ በአንዴ በቀን አምስት፣ አስር ደቂቃ መቅደም ይጀምራል። አልወደቀም፣ ውሃም አልገባበትም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማግኔት ነው። “ሙሉ ሰርቪስ ያስፈልገዋል” ቢሏችሁ አትቸኩሉ። የሰርቪስና የማግኔት ማስለቀቂያ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው።

በቅድሚያ መቅደሙን አረጋግጡ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከስልካችሁ ጋር አስተካክሉት፤ በማግስቱ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አስተያዩት። ልዩነቱ ጥቂት ሴኮንድ ከሆነ የሜካኒካል ሰዓት ጠባይ ነው፣ ዕዳው ገብስ። ደቂቃ ከሆነ ግን ነገር አለ።

ለምን ይቀድማል? ሰዓቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትዞር ትንሽ ጎማ አለች። የእሷን ምት የምትወስነው ከፀጉር የቀጠነች የተጠመጠመች ሞላ ናት። ሞላዋን ማግኔት ሲይዛት ጥምጥሞቿ ይጣበቃሉ። የተጣበቀች ሞላ እንዳጠረች ትሆናለች፣ ጎማዋም ትጣደፋለች። ማግኔቱ ከበረታ ሰዓቱ ሊዘገይ፣ ጭራሽም ሊቆም ይችላል።

“ማግኔት አይነካውም ተብሎ አይደል እንዴ የተላከልኝ?” የሚል አይጠፋም። አንቲማግኔቲክ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አይሶ 764 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰዓት ደረጃ የሚጠይቀው 4,800 አምፔር በሜትር፣ ማለትም 60 ጋውስ ገደማ መቋቋምን ነው፤ ጋውስ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። ከዚያ በኋላ በቀን እስከ 30 ሴኮንድ ቢዛባም ፈተናውን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሮሌክስ ሚልጋውስ 1,000 ጋውስ እንዲችል ማሽኑ የለስላሳ ብረት ሽፋን ለብሷል። ኦሜጋ በ2013 ያወጣው ሰዓት ደግሞ ሽፋኑን ትቶ ሞላዋን ራሷን ከሲሊከን ሠራ፤ ሌሎቹንም ክፍሎች ማግኔት በማይዛቸው ነገሮች ተካ። ይሄኛው ከ15,000 ጋውስ በላይ ይችላል። 15,000 ጋውስ 1.5 ቴስላ ነው፤ የብዙ ሆስፒታል ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን) ጉልበት ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓታችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ማግኔቱ ከየት መጣ? እኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በርና መስኮት የሚሠሩ ብየዳ ቤቶች በየመንገዱ አሉ። በያጁ ሁለት ብረት በማዕዘን የሚያቆምባት ማግኔት እጅ ላይ ካለ ሰዓት ጋር ከተነካካች በቂ ናት። ለፈረደበት ብየዳ ቤት ብቻ አንስጠው እንጂ ቤታችንም ሞልቷል። ትልቅ ስፒከር፣ የቦርሳ መቆለፊያ፣ የታብሌት ሽፋን፣ መኪና ውስጥ ስልክ የሚይዘው ክብ ማግኔት። ደግነቱ የማግኔት ጉልበት በርቀት ቶሎ ይሞታል። ራቅ ካላችሁ በኋላ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ማታ ሰዓቱን ስፒከር ላይ ከመተው መደርደሪያ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ለመፈተሽ ተራ ኮምፓስ ይሻላል፤ ስልክ የራሱ ማግኔት አለው። ኮምፓሱን እንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱን ቀስ ብላችሁ አስጠጉና ዙሪያውን አዟዙሩ። ቀስቷ በየትኛውም በኩል ወደ ሰዓቱ ብቻ ዘንበል ካለች ብረት ሸትቷት ይሆናል። በአንድ በኩል ተስባ በሌላው በኩል ከሸሸች ግን ማግኔት ይዞታል።

መፍትሄው አብዛኛው ሰዓት ሰሪ ዘንድ ያለች በመብራት የምትሠራ ማግኔት ማስለቀቂያ ሳጥን ናት። ሰዓቱ ሳይከፈት ላይዋ ይደረጋል፣ ቁልፏ ይጫናል። ቁልፉን ሳይለቁ ሰዓቱን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ክንድ ያህል ያርቁታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉ የሚለቀቀው። ሚስጥሩ ያለው ከዚህ ቀስታ ላይ ነው። ሰዓቱ ሳይርቅ ቁልፉ ከተለቀቀ ማግኔቱ ተመልሶ ሊቀር ይችላል። መሃል ላይ መብራት እልም ቢልም ያው ነው፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሲመጣ እንደገና መድገም ነው።

የብረት ሽፋን ያለው ሰዓት ግን ያስቸግራል። ሽፋኑ ማግኔት እንዳይገባ እንደሚከለክለው ሁሉ ማስለቀቂያውንም ይከለክለዋል፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቱ መከፈቱ ግድ ነው። ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። ከጀርባው ክዳን በታች ያለችው ሁለተኛዋ ስስ የብረት ክዳን ጠረጴዛ ላይ ከቀረች ሰዓቱ ይሠራል፣ መከላከያው ግን የለም።

ማግኔቱ ሲለቅ መቅደሙ ወዲያው ይቆማል። ካልቆመ ሞላዋ ዘይት ነክቷት ወይም ተጣማ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቪስ የሚባለው ነገር ያኔ ይመጣል። ከጅምሩ መቅደም ሳይሆን መዘግየት ብቻ ከሆነም የደረቀ ዘይትን ጠርጥሩ።