የአያትን ጠገራ ብር ይዛችሁ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት

አያቴ ስታርፍ ከሣጥኗ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠሩ አሥራ አንድ ጠገራ ብሮች ተገኙ። ሰባቱ ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ አራቱ የምኒልክ። እናቴ «ወስደሽ ሽጪልን፣ ለተዝካሯ ይሆናል» አለችኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ የጥንት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ባለሱቁ ብሮቹን አፍሶ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ጣላቸውና በግራም አስልቶ ዋጋ ነገረኝ። «ብር ብር ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ያን ቀን ሦስት የምኒልክ ብር ሸጥኩለት።

በሳምንቱ በዚያው በር ሳልፍ አንዷን መስኮቱ ውስጥ አየኋት። የአንበሳው ዘውድ ላይ ያለችውን ጭረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ዋጋዋን ስጠይቅ፣ ለሦስቱም ከከፈለኝ ገንዘብ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ እየገዛሁም እየሸጥኩም ተምሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ቋጠሮ ይዞ ለሚገባ ሰው ነው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ትልቁም ሥራ እሱ ነው። በመጀመሪያ ብሮቹን አትጠቡ። በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማንጣት የኖረ ልማዳችን ነው፤ ለጌጥ ከሆነ ምንም አይደለም። ሰብሳቢ ግን የተፈተገ ብር አይወድም። ፊቱ ላይ የሚቀሩት ጥቃቅን ጭረቶች መቼም አይጠፉም። እኔ አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) እንዲህ አንጥቼ ወስጄ፣ ነጋዴው ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየውና የመጀመሪያ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰው። ልክ ነበረ። ጥቁረቱን ተዉት።

ቀጥሎ ለያዩአቸው። የተለመደው ማርትሬዛ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ንግሥቲቱ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ዓመቱ ሳይቀየር ሲታተም ኖሯል። ቪየና ብቻም አይደለም። ጣሊያን በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቅርጹን ወስዳ ሮም ውስጥ አተመች፤ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ታትሟል። ስለዚህ አያታችሁ የተዉላችሁ ማርትሬዛ የ1930ዎቹ ሊሆን ይችላል። «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ፣ ለዕድሜው ብላችሁ አትጨምሩ። የተለመደው ማርትሬዛ ዋጋው በዋናነት የብሩ ዋጋ ነው።

ይህን ደግሞ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ የሚጠራው በአውንስ ነው፤ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። አንድ ማርትሬዛ እንግዲህ የአንድ አውንስ ሦስት ሩብ ያህል ይሆናል። የዕለቱን ዋጋ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ፣ አባዝታችሁ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ነጋዴው ከዚያ በታች ይጠራል፤ መጥራትም አለበት፣ ሱቅ ይከራያል፣ ትርፍ ይፈልጋል። እናንተ ግን ስንት እንደቀነሰ ታውቃላችሁ።

የምኒልክ ብር ሌላ ነው። ክብደቱ ተቀራራቢ ነው፣ ብሩም 835 እጅ ነው፤ ነገር ግን በሚዛን ብቻ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር አንብቡ። ፹፯ ያለበት 1887 ነው፣ ፹፱ ያለበት 1889፤ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር። አንበሳው ያነሣው እግር ግራ ነው ወይስ ቀኝ? ይለያያል፣ ሰብሳቢም ይጠይቃል። የአንበሳው ጎፈር እያንዳንዱ ፀጉር ይታያል ወይስ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል? ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳ ነው? ጌጥ የነበረ ከሆነ ለሰብሳቢ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ የብሩ ዋጋ ግን አለ። ይህን ሁሉ ጽፋችሁ፣ በሁለቱም ፊት ፎቶ አንሡ።

ሳንቲሞቹንም አትናቁ። በእኛ አቆጣጠር የ1936ቱ ሽልንግ ብር አለው፣ 7 ግራም ነው። የዚያው ዓመት ስሙኒ መዳብ ነው፤ መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበረ። ሰው ብር እየቀባ እንደ ሽልንግ ስለተገበያየበት ጠርዙ እንዲሸረፍ ተደረገ። ስለዚህ ጠርዙ ያልተሸረፈ ክብ ስሙኒ ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ከሌላው ሳንቲም ጋር ቀላቅሎ «ይሄ ምርቃት ይሁን» የሚል ነጋዴ አጋጥሞኛል።

አሁን ሱቅ ግቡ። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ቱሪስት ሲገባ ነጋዴው ለእናንተ ጊዜ የለውም። ሁሉንም አታውጡ። አንድ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አድርጉና «ጋሼ፣ ይሄን ስንት ይወስዱታል?» በሉ። ዋጋ እስኪጠራ ዝም በሉ። ከጠራ በኋላ አመስግናችሁ ውጡና ሌላ ሁለት ሱቅ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ ደኅና ነጋዴ አይቀየምም። በር ላይ የሚቆም ደላላ «እኔ ጋ ይሻልሻል» ቢላችሁ አትከተሉ፤ የእሱ ድርሻ የሚወጣው ከእናንተ ነው። ብሩን ይዞ ወደ ጓዳ የሚገባ ባለሱቅም አለ። «እዚሁ ይዩት» በሉ። ተመሳሳይ ብር ሲቀየር አይታወቅም።

መግዛት ስትጀምሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ፍርሃቱ ማጭበርበሩ ነው። ትንሽ የጌጣጌጥ ሚዛን ገዝታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የመጀመሪያ ግዢዬ የሆነው ማርትሬዛ ቤት ስመዝነው 24.6 ግራም ሆነ። መታለል ያማል። በአገልግሎት ብዛት የሳሳ ብር ግማሽ ግራም ሊያንስ ይችላል፣ ሦስት ግራም ግን አያንስም። ጠርዙን ዙሪያውን እዩ፤ እውነተኛው ማርትሬዛ ጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉት። ተቀልጦ ቅርጽ ውስጥ በፈሰሰው የውሸት ብር ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም መሐሉን የሚዞር የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል። ማግኔት በዋናነት ብረትን ነው የሚይዝላችሁ፤ መዳብና ነሐስ ያልፉታል።

ድምፁን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ነጋዴ ናቸው። ብሩን ጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው በሌላ ሳንቲም ጠርዙን ነካ አደረጉት። ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ የውሸቱን ነኩት፤ ጠብ ብሎ ቀረ። «ልጄ፣ ዓይንሽ ሲጠራጠር ጆሮሽን ጠይቂው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከእሳቸው ነው የምገዛው። ዋጋቸው ከጎረቤታቸው ትንሽ ይበልጣል፤ ግን ደረሰኝ ላይ ዓመቱንና ክብደቱን ይጽፉልኛል፣ የተጠራጠርኩትን ስመልስም ያለ ክርክር ይቀበሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ለጥቂት ብር ብላችሁ አትልቀቁት።

የአክሱም ሳንቲም ነው ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ ግን አትግዙ። ውሸት ከሆነ ገንዘባችሁ ሄደ። እውነት ከሆነ ደግሞ ከመሬት የወጣ ቅርስ ነው፤ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከምን ጋር እንደነበረ ሳይመዘገብ ታሪኩ ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶችም አንድ ነገር ልንገራቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥታ ሁለት የምኒልክ ብር ስትገዛ፣ ከመብረሯ በፊት አብረን ቅርስ ባለሥልጣን ሄደን አሳየን። ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብሩንም በእጅ ሻንጣ አድርጉት። ይህን ለበረራችሁ ዋዜማ አታቆዩት፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ሲቀራችሁ ጨርሱት።