እየበራ የሚጠፋ የሞተር መብራት፦ ሲፈትሹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሰኞ ይበራል፣ ሐሙስ ይጠፋል። ቤተሰቡን ጭነው ረጅም መንገድ ሲወጡ ቦግ ይላል። መካኒኩ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ልጅ ጭጭ። ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ከዚህኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ይዘውት ሄደው ያሳዩታል።

የመጀመሪያው ስህተት «ጠፋ፣ እንግዲህ ተሽሎታል» ብሎ መተው ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ብዙዎቹን ብልሽቶች ሲያይ ወዲያው መብራት አያበራም። መጀመሪያ ኮድ፣ ማለትም የብልሽቱን መለያ ቁጥር፣ በዝምታ ይመዘግባል። በተከታዩ ጉዞም ያው ችግር ከተደገመ ያበራል። ከዚያ ተመሳሳዩን ፍተሻ በ3 ተከታታይ ጉዞዎች ካለፈ መብራቱን ያጠፋዋል። ኮዱ ግን በአብዛኛው ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ከቅዝቃዜ ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ በማህደሩ ይቆያል። ስለዚህ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ስካነር (ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) ቢሰኩ የሚነበብ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። «በመጠባበቅ ላይ ያሉ ኮዶች» የሚለውንም ክፍል ከፍተው ይዩ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ኮዱን ሳያነቡ ማጥፋት። ባትሪ ነቅሎ መመለስም ያው ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል። ፍጥነቱ ስንት ነበር? ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞር ነበር? የውሃው ሙቀትስ? ሞተሩ ምን ያህል ጫና ነበረበት? ለምሳሌ ፒ0302 ማለት 2ኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። መዝገቡ ውሃው 20 ዲግሪ፣ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ይላል እንበል። እንግዲያው ችግሩን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይፈልጉታል። 90 ዲግሪ፣ ከባድ ጫና፣ ዳገት ከሆነ ደግሞ ጓሮ ቆሞ የሚደረግ ፍተሻ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኮዱን ሲያጠፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻ ውጤቶችም ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የስካነሩን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ኮዱን እንደ ዕቃ ዝርዝር ማንበብም ኪስ ያራግፋል። ፒ0171 «ሴንሰር ቀይር» አይልም። የሚለው፦ አየሩ በዝቷል ወይም ነዳጁ አንሷል። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰር ቀይሬ፣ መብራቱ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የሽቦው ነበር። የጭስ ማውጫ ቱቦውን እየነካ ልባሱ ቀልጧል፣ መኪናው ሲነቀነቅ ብቻ ይገናኛል። አዲሱን ሴንሰር ስገጥም ዓይኔ ሥር ነበር፤ አላየሁትም።

ስለዚህ መብራቱ እየበራ የሚጠፋ ከሆነ በቅድሚያ ሽቦና ሶኬት ይጠርጥሩ። ሞተሩን አስነስተው፣ ስካነሩ ላይ ቁጥሮቹን እያዩ፣ ሽቦውን በቀስታ ያነቃንቁ። ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ ቦታው ተገኘ። እጅዎን ከቺንጋውና ከማራገቢያው ያርቁ። ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ክፍል) ከጠረጠሩ ደግሞ አዲስ አይግዙ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲበርድ የ2ኛውንና የ3ኛውን ሲሊንደር ኮይል ያቀያይሩ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልዞረ ካንዴላውን፣ ሽቦውንና የነዳጅ መርጫውን ይመልከቱ።

የሚያርገበግብ መብራትን ከሚበራው ጋር አንድ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው። ሲያርገበግብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭሱን ወደሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር እየገባ ነው፤ ከመጠን በላይ ያግለውና ያበላሸዋል። ነዳጁን ቀለል አድርገው፣ ደህና ቦታ ይዘው ይቁሙ።

ባትሪውንም አይርሱት። አቅሙ ሲወርድ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ብዙ ኮዶች በአንዴ ይመጣሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ በብዙ መኪና ከ13.5 እስከ 14.7 ይጠበቃል። የነዳጅ ክዳን ላልቶ ከሆነ ደግሞ «ቀጭ» እስኪል ያጥብቁት። መብራቱ ግን እዚያው ይጠፋል ብለው አይጠብቁ፤ ጥቂት ቀናት መንዳት ሊፈልግ ይችላል።

በመጨረሻ፣ መካኒክ ጋ ሄደው «አንዳንዴ ይበራል» አይበሉ። እሱም አንዳንዴ ነው የሚያገኘው። ይልቅ ስልክዎ ላይ እንዲህ ጽፈው ይሂዱ፦ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ነበር፣ 7 ሰው ጭነን፣ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ በራ። ረቡዕ ደረቅ ነበር፣ አልበራም።»