ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ

ጅማ ፍርድ ቤት በር ላይ የምቀመጥ ራፖር (ማመልከቻ) ጸሐፊ ነኝ። «ይሄ ሕግ ሊጨርሰን ነው፣ ተቃውሞ ጻፍልን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የቱ አንቀጽ ነው ስላቸው ዝም ይላሉ። ወረቀቱን አላዩትማ! የሰሙት እዚሁ ጅማ መርካቶ ቡና ሲጠጡ ነው።

መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ለዩ። አዋጅ የክልላችን ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ የጨፌ ኦሮሚያ ነው። ደንብ የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ። ሰው አዋጁን ይረግማል፣ ኪሱን የነካው ግን ብዙ ጊዜ መመሪያው ነው። ጽሑፉ በኦሮምኛ ከሆነና ካልቻላችሁ፣ ከሚችል ጎረቤት ጋር ቁጭ በሉ። «ይህን ይላል አሉ» ብላችሁ እንዳትፈርሙ።

መግቢያውን እለፉት፤ እዚያ ላይ ሁሉም ሕግ ቆንጆ ነው። ትርጓሜውን፣ ቅጣቱንና የመጨረሻዎቹን አንቀጾች አንብቡ። የትኛው ሕግ እንደተሻረና የጀመራችሁት ጉዳይ በየትኛው እንደሚያልቅ የሚነግራችሁ መጨረሻው ነው። «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚል ስታገኙ አስምሩበት። ስለ ማመልከቻ ቅጽ ከሆነ ግድ የለም። ስለ ክፍያ ወይም ስለ ቅጣት ከሆነ ግን ባዶ ቼክ ፈርሙ እየተባላችሁ ነው። «ኃላፊው ሲያምንበት» የሚለውም ያው ነው። ባያምንበትስ? ይግባኙ ለማን ነው? ካልተጻፈ ጉድለቱን አገኛችሁ።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥትም ጎን ለጎን ያዙ። በወጪና ገቢ ዕቃ ላይ ቀረጥ መጣል በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው፤ ቡና ነጋዴዎቻችን ይቺን ቢያውቋት ጥሩ ነው። ክልሉ የሚሰበስበው አንቀጽ 97 ላይ ተዘርዝሯል። ትናንት ወንጀል ያልነበረ ድርጊት ዛሬ በወጣ ሕግ እንደማያስቀጣ ደግሞ አንቀጽ 22 ይላል።

ስትጽፉ ስድብና ምሬት ቀንሱ። የአንቀጹን ቁጥር፣ ማንን እንዴት እንደሚጎዳ፣ በምትኩ ምን ይባል የሚለውን ጻፉ። ምትክ ቃል ያልያዘ ተቃውሞ ሰሚው እጁ ላይ ምንም አይተውለትም። አቤቱታ ማቅረብ በአንቀጽ 30 መብታችሁ ነው። ከመጽደቁ በፊት ለአካባቢያችሁ የጨፌ አባልና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ አድርሱ። ቅጂያችሁ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ይደረግ፤ አለበለዚያ «አልደረሰንም» ትባላላችሁ።

ከጸደቀ በኋላ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ካላችሁ መንገዱ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለዚያ እንኳን እኔ አልበቃም፣ ጠበቃ ያዙ።