በፊልሙ የሰማነው ሙዚቃ በአልበሙ ላይ ሲለይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በደብረ ብርሃን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ኪቦርድ የሚለማመዱ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ በፊልም ውስጥ ልባቸውን የነካውን ሙዚቃ ብለው አልበሙን ሲያገኙ፣ የሰሙት ሌላ፣ ያገኙት ሌላ ይሆንባቸዋል። ብዙዎች ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው እንደገና ያወርዳሉ፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በመንዝ ገጠር ደግሞ ይህ በከንቱ የሚባክን ገንዘብና ሌሊት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ልዩነቱ የፍጥነት፣ የአጨዋወት ወይስ የይዘት መሆኑን በጆሮ መለየት ይገባል።

ዜማውና መሣሪያዎቹ አንድ ሆነው ቃናው ሲለያይ

የሲኒማ ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ አገራችንም በተጠቀመችበት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን በሰከንድ 25 ምስል ይታያል። ለዚህ ሥርዓት የተዘጋጁ ዲቪዲዎች በአብዛኛው ፊልሙን በ4 በመቶ ገደማ አፍጥነው ስለሚያጫውቱ፣ 10 ደቂቃ የነበረው ሙዚቃ በ9 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ያልቃል፤ ቃናውም (የድምፁ ቅጥነት) ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ይላል። ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን ጠበቅ አድርጎ በጆሮው ይከተለዋል። ኪቦርድ ተጫዋች ግን ቃናውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሸጋግረውን ትራንስፖዝ ቢጫን አንድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ስለሚዘል ያልፈዋል፤ ለእርሱ የሚበጀው በቲዩኒንግ ማስተካከያው 440 ሄርትዝ የሚለውን ወደ 458 ማውጣት ነው።

የአልበሙን ቅጂ ከዲቪዲው ምስል ጋር ለማስኬድ የሚፈልግ ሰው ኦዳሲቲን በመሰለ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ፍጥነትንና ቃናን አብሮ የሚቀይረውን ትእዛዝ መርጦ 4.17 በመቶ ይጨምር። ፍጥነትን ብቻ የሚቀይረውን ከመረጠ ርዝመቱ ይገጥማል እንጂ ቃናው አይገጥምም። በአንዳንድ ዲቪዲዎች ቃናው ቀድሞ ተስተካክሎ ፍጥነቱ ብቻ ስለሚቀር፣ ምንም ከመንካት በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ዜማው ያው ሆኖ አጨዋወቱ ሌላ ሲሆን

እዚህ ላይ ፋይሉም ማጫወቻውም ጤነኛ ናቸው፤ የምንሰማው በእርግጥ ሌላ ቅጂ ነው። ጆን ዊሊያምስ ለጆውስ ፊልም የደረሰው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1975 በአልበም ሲወጣ ለአልበሙ እንደገና ተቀርጾ ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ቅጂ በሲዲ የታተመው በ2000 ነው። ለፊልም የሚቀረጽ ሙዚቃ በትዕይንቱ ሰከንድ ተለክቶ ባልተጠበቀ ቦታ ሊቆም ይችላል፤ አልበም ግን መነሻና መድረሻ ያለው፣ ያለ ምስል የሚደመጥ ሥራ ይፈልጋል። በአሜሪካ ደግሞ የፊልሙን ቅጂ በአልበም ማውጣት በሙዚቀኞች ማኅበር ውል መሠረት ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቅ ስለነበር፣ እንደገና መቅረጹ የሚረክስበት ጊዜ ነበር።

መፍትሔው በአልበሙ ሽፋን ላይ የተጻፈውን የቅጂ ዓይነትና ዓመት አንብቦ፣ የፊልሙን ቅጂ የያዘ ኋላ የወጣ እትም መኖሩን መፈለግ ነው። ይሁን እንጂ እንደገና የተቀረጸው ያነሰ ነው የሚለውን አልቀበልም። ዜማውን በጆሮ ለሚያጠና ሰው የአልበሙ ቅጂ ይሻላል፤ ሙዚቃ ምስልን እንዴት እንደሚከተል ለሚማር ቪዲዮ አቀናባሪ ግን የፊልሙን ቅጂ የሚተካ የለም።

ሙዚቃው በአልበሙ ውስጥ ጨርሶ ሲታጣ

የሸክላ አልበም ሁለቱ ገጽ ተደምሮ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ስለሚይዝ፣ ከረጅም ፊልም ሙዚቃ ብዙው ይቀራል። ከዚህ የሚከፋው ፊልሙ ራሱ የሌላ ደራሲ ሙዚቃ ሲያስገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ኤሊየን የጄሪ ጎልድስሚዝ የመዝጊያ ሙዚቃ ወጥቶ የሃዋርድ ሃንሰን ሁለተኛ ሲምፎኒ ገብቷል፤ አልበሙ ግን ጎልድስሚዝ የጻፈውን ይዟል። እንዲህ ሲሆን በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር አቁሞ ማንበብና በሚገኘው ስም መፈለግ ያዋጣል። ብሮክን ፍላወርስ በተባለው የ2005 ፊልም የተሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም ለፊልሙ የተሠራ ሳይሆን አስቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን የሚሻ ሰው ከፊልሙ አልበም ይልቅ የሙላቱን ሥራዎች የያዘውን፣ ኢትዮጲክስ የተባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 4ኛ ቅጽ ይፈልግ።

በፊልሙ ሙዚቃው ሲሳሳ

በአልበሙ የሞላው ሙዚቃ በፊልሙ ሲሳሳና ንግግሩም አብሮ ሲደክም፣ ለስድስት ቻናል (ለየስፒከሩ ለተለየ የድምፅ መስመር) የተቀነባበረው ድምፅ በሁለት ስፒከር ላይ የፊቱ ሁለት ቻናል ብቻ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በማጫወቻው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ውጤቱን ወደ ስቴሪዮ መለወጥ የቀሩትን ቻናሎች ከሁለቱ ጋር ያዋህዳቸዋል።